እትዬ ዘነበች እና የፈረሰው ወፍጮ ቤት

እትዬ ዘነበች ማረፋቸውን የነገሩኝ ጋሽ ከድር ናቸው። ረቡዕ ጠዋት ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ በደረጃ ስወጣ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከጫማ መሥሪያ ክፍላቸው በር ቆመው ጠበቁኝ። በእጃቸው ጫማ የሚወጠርበት የእንጨት ፎርማ ይዘዋል። «ሄኖክ፣ ዘነበች አረፈች» አሉኝ። እኔም አራተኛ ፎቅ ቢሮዬ ድረስ መውጣቱ አቅቶኝ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ልደታ ማርያም ቀበርናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ዘመዳቸው ድምፁ ያምራል፤ የጻፈው ግን አናደደኝ። ሠላሳ ዓመት በስልክ መረጃ ክፍል ማገልገላቸውን፣ ሁለት ልጆች ለወግ ለማዕረግ ማብቃታቸውን በሥርዓቱ ዘረዘረና መጨረሻ ላይ «ጡረታ ከወጡ በኋላም በአንድ የግል ድርጅት በእንግዳ ተቀባይነት ሠርተዋል» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። በእንግዳ ተቀባይነት! ከሰው መሀል ወጥቼ ማይክሮፎኑን ልነጥቀው ምንም አልቀረኝ። ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም ብዬ ዝም አልኩ። ያን ቀን የዋጥኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ቢሯችን ከልደታ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ያለ ሕንጻ ላይ ነው። ድረ ገጽ እንሠራለን፤ የተሠራውንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲፈልግ ከሌሎቹ ቀድሞ እንዲታይ እናደርጋለን። ሙያው ረጅም የፈረንጅ ስም አለው፤ እኛ ግን «ከፍ ማድረግ» እንለዋለን። እኔ ሙያውን የተማርኩት ከኢንተርኔት ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የሚለውን ሁሉ እንደ ዳዊት ደግሜው ስለነበር በዚያን ጊዜ ከልደታ እስከ ተክለ ሃይማኖት ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አለቃችን ሳምሶን ስልክ የሚያነሣ ሰው ፈልጎ የሕንጻው በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። የመጡት ሁሉ ልጃገረዶች ናቸው። ከእነርሱ መሀል ጥቁር ሰማያዊ ኮት የለበሱ፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር የወሸቁ አንዲት ሴትዮ ቁጭ ብለው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«እማማ፣ ልጅዎን አምጥተው ነው?» አላቸው ሳምሶን በትሕትና።

«ራሴን አምጥቼ ነው። እማማም አትበለኝ፤ እትዬ ይበቃኛል።»

«ሥራው እኮ ኮምፒውተር ምናምን ይፈልጋል፣ እትዬ።»

«ማስታወቂያህ ስልክ ነው የሚለው። በስልክ ደግሞ ማንም አያስተምረኝም።»

ይህን ሲባባሉ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ቅርብ የነበሩት እሳቸው ናቸውና ማንንም ሳያስፈቅዱ አነሡት። ደዋዩ ቢሯችን ጠፍቶበት ልደታን ሲዞር ያረፈደ ደንበኛ ነው። «ከፊትዎ ምን ይታይዎታል?» አሉት። «ጥሩ፣ ከጀርባዎስ? ይቆዩኝ... እንግዲያው ፎቶ ቤቱን በቀኝ ያድርጉና ጎማ ጥገናው ጋ ሲደርሱ ቀና ይበሉ።» ብዙም ሳይቆይ ሰውዬው ላቡን እየጠረገ በራችን ላይ ቆመ። ሳምሶን የቀሩትን ልጆች አመስግኖ ሸኘ።

የድሮ ሥራቸው ሰው ደውሎ የስልክ ቁጥር ሲጠይቅ ፈልጎ መንገር ነበር። ሰው ሲያናግራቸው ሁለት ጣታቸውን ቀኝ ጆሯቸው ላይ ጣል አድርገው አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ማዳመጫውን ካወለቁ ዓመታት አልፈዋል፤ እጃቸው ግን አልሰማም። ጠያቂው የፈለገውን ሲያገኝ «ተገናኝቷል» ይላሉ። ሳምሶን የጠፋበትን ቁልፍ ከሶፋ ሥር ሲያወጣም «ተገናኝቷል» ነው፣ እኔ ከስንት ወር ኩርፊያ በኋላ ከእጮኛዬ ጋር ስታረቅም «ተገናኝቷል» ነው። «የለም» የምትባለውን ቃል ግን አይወዷትም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ለደዋይ «የለም» ብለው ስልክ እንዳልዘጉ ሲናገሩ አንገታቸው ቀጥ ይላል። «ይቆዩኝ» ነው የሚሉት፤ ከዚያ ይፈልጋሉ።

ወር ሳይሞላቸው እኛ ሥራ ውስጥ ገቡ። አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው ስክሪኔን ሲያዩ ቆዩና፣

«ይሄ ምንድን ነው የምትደረድረው?» አሉኝ።

«ሰው ሲፈልግ የሚጽፋቸው ቃላት ናቸው፣ እትዬ። እነዚህን ገጹ ላይ ስናስገባ ከፍ ይላል።»

«ጠያቂው ማነው?»

«የቱ ጠያቂ?»

«አንተ ልጅ፣ ጠያቂውን ሳታውቀው ቃሉን ከየት አመጣኸው?»

ከቪዲዮው ነው ብዬ አልመልስላቸው ነገር! ከዚያን ቀን ጀምሮ በሥራዬ መሀል ይህች ጥያቄ ከጆሮዬ ጠፍታ አታውቅም።

ገር ሰው ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ተናግረው አይመለሱም። አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ መጥቶ «አንደኛ መሆን ነው የምፈልገው» ሲል፣ «ከማን ጋር ሮጠው?» ብለውት ሳምሶን ፊቱን የሚያስገባበት አጥቷል። እኔንም አንድ ጊዜ ሰው ፊት ገሥጸውኝ ሁለት ቀን ሳላናግራቸው ቀርቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ ዕቃቸው ግማሹን ቆርሰው ፊቴ አስቀመጡ፤ ይቅርታ ማለታቸው ነው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ያላቸው ባለ መስመር ደብተርና በምላጭ የተቀረጸ እርሳስ ነው። ደብተሩ ላይ የሚጽፉት ደግሞ ሰው የጠየቀውን፣ በጠየቀበት አፍ፣ ሳያርሙ ነው።

«ስሙን የሚያውቅ ሰው ለምን ይደውላል?» ይሉኝ ነበር። «የሚደውለው ግማሹን ስለማያውቀው ነው። አንተ ደግሞ የማያውቀውን ግማሽ ጽፈህ ትጠብቀዋለህ።»

ይህ ነገር በትክክል የገባኝ በጋሽ ከድር ጊዜ ነው።

ጋሽ ከድር ወደ ሕንጻችን የመጡት አብነት ሰፈር የነበረው የሥራ ቤታቸው ከሰፈሩ ጋር ለልማት በፈረሰ ጊዜ ነው። የሚሠሩት እንደ ሌላው ሰው ጫማ አይደለም። አንድ እግሩ ላጠረ፣ ቁርጭምጭሚቱ ለዞረ፣ ከተሰበረ በኋላ ቀጥ ብሎ ላልዳነ ሰው በልኩ የሚሠሩ ናቸው። ግድግዳቸው ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል ፎርማ ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰው እግር ነው፤ ስሙና አገሩ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ሰውየው ሲመለስ ፎርማው ይወርዳል፣ ይለካል፣ ይስተካከላል።

ችግሩ ሰዎቹ አለመመለሳቸው ነው። ጋሽ ከድር ወደ እኛ ቢሮ የወጡ ቀን አንዲት ትንሽ ፎርማ ይዘው ነበር። ላዩ ላይ «ጫልቱ፣ ወሊሶ» ይላል።

«ይቺን የሠራሁላት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነው» አሉ። «አሁን ዘጠኝ አልፏታል። እግር ያድጋል፣ ጫማው አያድግም። ካላገኘችኝ በዚያው በጠበባት ጫማ ነው የምትሄደው፤ ወገቧ ይጣመማል። እንግዲህ እዚህ ከገባሁ አምስት ወር ሆነኝ፤ ተረከዝ ከሚያስመታ በቀር ሰው አልመጣልኝም። እስከ መስከረም አያለሁ። ካልሆነ ማሽኖቹን ሸጬ ቡታጅራ ልጄ ጋ እገባለሁ።»

«ፎርማዎቹስ?» አሏቸው እትዬ ዘነበች።

ጋሽ ከድር ፎርማዋን በመዳፋቸው አሻሹ።

ድረ ገጹን እኔ ሠራሁላቸው። ያኔ በዓይኔ ሲያምር ልነግራችሁ አልችልም። ከላይ በንግድ ፈቃዳቸው ላይ ያለውን ስም ጻፍኩ፦ ከድር የኦርቶፔዲክ ጫማና የአካል ድጋፍ ማምረቻ። ከሥሩ ልደታ ክፍለ ከተማ ብዬ ወረዳውንና የቤት ቁጥሩን አስከተልኩ። በእንግሊዝኛም ደገምኩት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያንን ስም ስንፈልግ እውነትም ከሁሉም በላይ ወጣ። ሳምሶን አጨበጨበ። ጋሽ ከድርንም ጠርተን አሳየናቸው።

እትዬ ዘነበች ጣታቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ጠያቂው ማነው?»

«ጋሽ ከድርን የሚፈልግ ሰው ነዋ!» አልኩ።

ጋሽ ከድር ግን ስክሪኑን አፍጥጠው ካዩ በኋላ፣ «ይሄን ስም እኮ ሚስቴም አታውቀው» አሉ። «ለንግድ ፈቃዱ ብዬ ያወጣሁት ነው። ሰው ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ነው የሚለኝ።»

ወፍጮ ቤቱ በቀይ ቆርቆሮ የተሠራ፣ አብነት ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ቤት ነበር፤ አሁን እሱም ፈርሷል። እኔና ሳምሶን ተያየን። አገሬው ሁሉ በቤት ቁጥር ሳይሆን በአጠገቡ ባለው ነገር እንደሚጠራራ የማናውቅ ሆነን አይደለም። እኔ ራሴ ታክሲ ውስጥ የቤት ቁጥር ጠርቼ አላውቅም። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን ይህን ዕውቀቴን በር ላይ ትቼ ነበር የምገባው።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዘነበች ትንሽ መቀመጫ ዱካ አንጠልጥለው መጡና «ተነሥ» አሉኝ። በእግራችን ወደ አብነት ሄድን። ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ቦታ በአረንጓዴ ቆርቆሮ ታጥሯል። ከበሩ አንድ ጥበቃ ተቀምጧል። እትዬ ከጥበቃው አጠገብ ዱካቸውን አኑረው ደብተራቸውን ገለጡ። እኔ አላፊ አግዳሚው እያየኝ በኀፍረት መሬት ልገባ ደርሻለሁ።

«ምን እያደረግን ነው፣ እትዬ?»

«ሥራ ላይ ነን። ዝም በልና ስማ።»

ሰዓት ያህል እንደቆየን አንዲት እናት መጡ። «የኔ ልጅ፣ ወፍጮ ቤቱ የት ገባ?» አሉት ጥበቃውን።

«ፈርሷል፣ እናቴ።»

«እግር የሚሠሩት ሰውዬስ?»

«እኔ አላውቅም። አዲስ ነኝ።»

እትዬ ዘነበች «እግር የሚሠሩት ሰውዬ» ብለው ጻፉ። እኔ ደነገጥኩ። በዚያ ሁሉ ባማረ ገጼ ላይ እግር የሚል ቃል አንድም ቦታ አልነበረም። ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ «አንዱን ተረከዝ ከፍ አድርገው የሚሰፉት» ብሎ ጠየቀ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመልሰን ስንሄድ ደግሞ አንድ አባት ልጃቸውን በክራንች ይዘው መጡ። «ሁለተኛ ጊዜዬ ነው» አሉ ለጥበቃው። «ባለፈውም አጥቼ ተመልሻለሁ። ሰውዬው ሞቱ እንዴ?»

እትዬ ዘነበች እርሳሳቸውን ጣሉ። «አልሞቱም! ይቆዩኝ» አሉና ተነሥተው የልጁን ቦርሳ ተሸከሙ። እስከ ሕንጻችን በእግራቸው፣ በልጁ እርምጃ ልክ እያዘገሙ ወሰዷቸው። እኔ ባዶ ዱካ ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትንሽነቴ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም አብሬያቸው በመሥራቴ ኮርቼ አላውቅም።

ሰኞ ደብተራቸውን ፊቴ ዘርግተው አዲሱን ገጽ በቃላቸው አጻፉኝ። «ቀድሞ አብነት ቀይ ቆርቆሮው ወፍጮ ቤት አጠገብ የነበሩት እግር የሚሠሩት ጫማ ሰሪ፣ አሁን እዚህ ናቸው። አንድ እግሩ ላጠረ ልጅ ጫማ ይሠራሉ። አንዱን ተረከዝ ከፍ አድርገው ይሰፋሉ...»

«እትዬ፣ ወፍጮ ቤቱ እኮ የለም» አልኩ። «የሌለ ቦታ አድራሻ ብዬ ልጽፍ ነው?»

ሳምሶንም ደገፈኝ። «የሽማግሌ ወሬ ያስመስለዋል። ዘመናዊ ድርጅት ነን።»

እትዬ ዘነበች ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «የፈረሰው ከመሬት ነው። ከሰው አፍ አልፈረሰም። ከወሊሶ የሚመጣው ሰው መፍረሱን ማን ነገረው? እሱ የሚጠይቀው በሚያውቀው ነው። አንተ የምታውቀውን ልትጽፍለት ነው ወይስ እሱ የሚያውቀውን?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ጻፍ» አሉ።

ጻፍኩ። በላቲን ፊደል አማርኛ ለሚጽፈውም ደገምኩለት። የወፍጮ ቤቱን ፎቶ ከአንድ የሰፈሩ ልጅ ስልክ አግኝተን ለጠፍን፤ ከሥሩም ከዚያ ወደ እኛ የሚያመጣውን መንገድ እትዬ ዘነበች በስልክ እንደሚመሩት አድርገን አሰፈርን። የንግድ ፈቃዱ ስም ከታች፣ በትንሽ ፊደል ቀረ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ሐምሌ አለቀ። ጋሽ ከድር ማሽኖቹን የሚያይ ሰው አንድ ጊዜ አምጥተው ነበር። እትዬ ዘነበች በየጠዋቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆም ብለው ግድግዳውን ያዩና ወደ ላይ ይወጣሉ። እኔ በየሰዓቱ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሰው ሲፈልግ የጻፋቸውን ቃላት ዝርዝር አያለሁ። በነሐሴ አጋማሽ ላይ ዝርዝሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ አብነት ወፍጮ ቤት፣ እግር የሚሠራ ሰውዬ፣ ላጠረ እግር ጫማ። ከዚያም ሰው በእግሩ መምጣት ጀመረ። አንድ ሁለት እያለ፣ ከሰበታ፣ ከአዳማ፣ ከዚሁ ከጎረቤታችን ከተክለ ሃይማኖትም ጭምር።

ጳጉሜን ውስጥ አንድ ቀን ጋሽ ከድር ከሥር ሲጣሩ ሕንጻው ተናወጠ። «ዘነበች! ዘነበች ውረጂ!» ሁላችንም ሮጠን ወረድን። ከበሩ ላይ አንድ ገበሬና አንዲት ቀጭን ልጅ ቆመዋል። የልጅቷ አንድ ጫማ ጫፉ ተቀድዶ አውራ ጣቷ ወጥቷል። አባትየው ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «የጎረቤቴ ልጅ ናት የፈለገችልኝ። ወፍጮ ቤቱን ስትጽፍ እናንተ መጣችሁ» አሉ።

ጋሽ ከድር ትንሿን ፎርማ ከግድግዳው አወረዱ። «ጫልቱ፣ አደግሽ አይደል? አልሐምዱሊላህ! ቁጭ በይ፣ እግርሽን ስጪኝ» አሏት። ፎርማዋ ከልጅቷ እግር አንድ ጣት ያህል አጥራ ነበር።

እትዬ ዘነበች ከበሩ አልገቡም። ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ ጣታቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ በውስጥ የሚባለውን ሰሙ። ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው በአንድ መስመር ላይ ምልክት አደረጉና «ተገናኝቷል» አሉ። ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ እንዳያዩኝ ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ማሽኖቹ አልተሸጡም። እኛም ከዚያ ወዲያ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ኮምፒውተር አንከፍትም። ከደንበኛው በር ላይ ግማሽ ቀን ቆመን ሰው እንዴት እንደሚጠይቅ እንጽፋለን። ሌሎች ቢሮዎች ይስቁብን ነበር፤ አሁን ልጆቻቸውን እየላኩ እንዴት እንደምንሠራ ያስጠይቁናል። እኔም «እትዬ ዘነበች ናቸው ያስተማሩኝ» ስል ደረቴ ይነፋል። ቪዲዮ ላይ ያየሁትን ሰውዬ ስሙን እንኳ አላስታውስም።

ባለፈው ዓመት ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ሲላቸው ሥራውን ተዉ። ከቤት ሆነው ግን በሳምንት አንድ ቀን ይደውሉ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «ስንት አገናኛችሁ?» ነበር የሚሉት።

ከቀብሩ ወር ያህል በኋላ የጋሽ ከድርን ገጽ የፍለጋ ዝርዝር ከፈትኩ። የተለመዱት አሉ። ከእነርሱ በታች ደግሞ ከዚህ በፊት ያላስተዋልኩት ነገር አየሁ። እትዬ ዘነበች ያሉበት ፎቅ። ወረድ ብሎ፣ ዘነበች የሚባሉ ሴትዮ ያሉበት ጫማ ሰሪ። እንዲህ ብሎ የፈለገው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። በስልክ የመሯቸው፣ ክንዳቸውን ይዘው ያመጧቸው ሰዎች ለሌላው ሲነግሩ፣ ሕንጻውን በእሳቸው ነበር የጠሩት። ገጻችን ላይ ግን ስማቸው ስላልነበረ ከጠየቁት መሀል ብዙዎቹ እኛን ሳያገኙ ቀርተዋል።

ለሳምሶን አሳየሁት። ሞተዋል እኮ፣ እንዴት ይጻፋል ይለኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ስክሪኑን አየና «ጻፍ» አለኝ፤ ልክ እንደ እሳቸው። ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ጻፍኩ፦ እትዬ ዘነበች ያሉበት ፎቅ፣ ጫማ ሰሪው ሁለተኛው ላይ። የነበሩበት አላልኩም። ጠያቂው እንደዚያ ብሎ አልጠየቀም።

ትናንት ጠዋት ስልኩ ጮኸ። አንዲት ሴት ናት፣ ልጄን ይዤ መጥቻለሁ ትላለች፣ መንገዱ ጠፍቶባታል። ሁለት ጣቴ ጆሮዬ ላይ መውጣቱን ያየሁት በኋላ ነው። «ከፊትዎ ምን ይታይዎታል?» አልኳት። ፎቶ ቤቱን በቀኟ አድርጋ እስከ ጎማ ጥገናው አመጣኋት። ቀና ይበሉ አልኳት፣ ቀና አለች።

«እትዬ ዘነበች ያሉበት ፎቅ ይሄ ነው?» አለች።

«ነው።»

«እሳቸው አሉ?»

አፌን ከፈትኩ። ያቺን እሳቸው የማይወዷትን ቃል ማውጣት አቃተኝ።

«ይቆዩኝ» አልኳት፤ ስልኩን አስቀምጬም ልቀበላት ደረጃውን ወረድኩ።